የማካሮኒው አርባ ግራም

ሰኞ፤ 81 ቀን ቀረ

ይህን ደብተር የገዛሁት የምበላውን ልመዘግብበት ነው። ሌላ ነገር ከገባበት የእጄ ጥፋት ነው።

ባለፈው ዓርብ አለቃችን ቢሮ ጠርተው ወረቀት ሰጡኝ። ከሰማንያ አራት ቀን በኋላ የአቅም ፈተና አለብህ ይላል። ቱቦ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣት፣ ከዚያ ጋሼን ይዞ መውረድ፣ ሁሉም በአምስት ደቂቃ። ጋሼ የምንለው የልምምዱን አሻንጉሊት ነው፤ ሸራ ውስጥ አሸዋ ሞልተው የሰፉት ሰባ ኪሎ ሰውዬ። ካለፍኩ የእሳት አደጋው መኪና ላይ እቀጥላለሁ። ከወደቅኩ ስልክ ክፍል ገብቼ “የት ነው የሚቃጠለው?” እያልኩ ጡረታዬን እጠብቃለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት እሳት ውስጥ ገብቶ የወጣ ሰው፣ ስልክ አንሺ።

ፈተናው ለምን ለእኔ ብቻ መጣ? በደረጃው ነገር ነው። አሁን አልጽፈውም።

እቅዱ ይሄው፦ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ስፖርት። መጀመሪያ ሩጫ፣ ከዚያ ሃያ ኪሎ ቦርሳ አዝሎ ደረጃ መውጣትና መውረድ። ይህን የሚሠራ ሰው በቀን 3200 ካሎሪ ካልበላ ሰውነቱ ራሱን ይበላል ብለው የጣቢያችን ሲስተር በእጃቸው ጽፈው ሰጥተውኛል። ሚዛን ገዛሁ። ዛሬ ራት ላይ ሩዙን ከድስቱ እያወጣሁ መዘንኩት፤ ሁለት መቶ ግራም። ፓኬቱ ላይ ለመቶ ግራም 350 ይላል፤ ስለዚህ 700። ቀላል ነገር ነው። ሰው የሚያወሳስበው መቁጠር ስለሚሰለቸው ነው።

ክብደቴ 74 ኪሎ።

ዓርብ፤ 77 ቀን

አጃ 200 ግራም፣ 760። ማካሮኒ 250፣ 900። ሩዝ 200፣ 700። ምስር 100፣ 350። እንቁላል ሦስት፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ አንድ ላይ 480። ድምር 3190። አሥሯን ካሎሪ ሻይ ውስጥ ያለው ስኳር ይሸፍናታል።

ባለቤቴ ሳህኔን አይታ ይሄ ነው ወይ የሚያስሮጥህ አለችኝ። ልጃችን እንኳ ከዚህ ይበልጣል የምትበላው አለች። ልጃችን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ደብተሩን ገልጬ አሳየኋት። የስፌት መኪናዋን ሳታቆም “ያንተን ቁጥር አላውቅም፤ ድስቴን ግን አውቃለሁ” አለች። ሰውን ከእቅዱ የሚያስወጣው እንዲህ ያለ ንግግር ነው። በማታውቂው አትግቢ አልኳት። ድምፄ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፤ ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ቆየት ብላ ደግሞ፣ ስልክ ክፍል ቢያስገቡህስ ምን አለበት፣ ቢያንስ እንደ ሰው እቤትህ ታድራለህ አለች። ይህችን ልብ ብያታለሁ።

ማክሰኞ፤ 66 ቀን

73። ጣቢያው ሚዛን ላይ 72.6። ሁለት ሚዛን ካልተስማማ አንዱ ይዋሻል ማለት ነው።

ዛሬ ልብስ መቀየሪያው ጋ ስደርስ መሰላል ከአለቃችን ጋር ሲያወራ ሰማሁት። መሰላል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥንዴ ሆኖ የሠራ ልጅ ነው፤ ቁመቱ ነው ስሙን ያወጣለት። “እየከሳ ነው፤ ሳይረፍድ ቢነገረው ይሻላል” ሲል ጆሮዬ ገባ። ስገባ ሁለቱም ዝም አሉ። ስለ ዝናብ የሚያወራ ሰው፣ ሰው ሲገባ ዝም አይልም።

ሳይረፍድ ማለት ምን ማለት ነው? ሳይረፍድ ራሱ ይልቀቅ ማለት ነው እንጂ ምን ይሆናል።

ሰኞ፤ 60 ቀን

ሲስተር ጋ ገባሁ። የደም ግፊት ደህና። ክብደት 72.2። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና እየበላህ ነው ወይ ልጄ አሉ። በግራም ነው የምበላው አልኳቸው። “ስትመዝነው ሳይበስል ነው አይደል?” አሉ። “ሲስተር፣ ጥሬ ሩዝ የምለቅም ዶሮ መሰልኩዎት እንዴ?” ስላቸው እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። ወዲያው መኪና ጠጋኙ እጁን ተቃጥሎ ገባና እኔን ረሱኝ።

እሳቸውም ከአለቃው ጋር ይነጋገራሉ። ፋይሉ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚውለው። ከእንግዲህ ለሲስተር ብዙ አልናገርም።

ማክሰኞ፤ 52 ቀን

ሦስት ሰዓት ላይ እርቦኝ ልቤ ጠፋ። ግን ቁጥሩ ሞልቷል። ረሃብ ውሸታም ነው፣ ቁጥር አይዋሽም። ውሃ ጠጣሁ።

ሕልሜ ሁሉ ዳቦ ሆኗል። ዳቦ ቤቱ ሲቃጠል፣ እኔ ቱቦውን ጥዬ ዳቦውን ሳወጣ።

የደረጃውን ነገር ልጻፈውና ይውጣልኝ። ባለፈው ክረምት ነው፤ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ ጭሱ ዓይን አያስገልጥም። እኔና መሰላል አንድ ወፍራም ሽማግሌ ይዘን እየወረድን ነበር፤ እሱ በእግር በኩል፣ እኔ በራስ በኩል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ከአራተኛው ፎቅ ጀምሮ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ አላወራሁም። ሽማግሌው ከእጄ አምልጦ ራሱ ግድግዳው ላይ አረፈ። መሰላል ብቻውን አቅፎ አወረደው። ሽማግሌው ምንም አልሆነም፤ ሁሉም የሚሉኝ ይህንኑ ነው። እቤት ግን አልነገርኩም። ለሚስት የማይነገር ነገር አለ።

ረቡዕ፤ 44 ቀን

ጉድ መጣ።

ትናንት ማታ ማካሮኒዬን መዝኜ ምሳ ዕቃው ውስጥ አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁት። ከነዕቃው 610 ግራም። ዛሬ ምሳ ሰዓት፣ እንዲያው አንድ ነገር ሹክ ቢለኝ፣ ጣቢያው ወጥ ቤት ያለው ሚዛን ላይ አኖርኩት። 650። የተሰረቀ ምግብ ይቀንሳል፤ ሲጨምር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

የጣቢያው ሚዛን ነው ብዬ አንድ ኪሎ ስኳር ሳይከፈት አስቀመጥኩበት። ልክ አንድ ኪሎ ነው።

ቅዳሜ፤ 41 ቀን

ሐሙስ 38 ግራም ጨመረ። ዛሬ 45።

ምሳ ዕቃውን መኪናው ላይ ይዤው ነው የምሄደው፤ ማንም አይነካውም። መሰላል ብቻ ነው አጠገቤ የሚቀመጠው። ዛሬ ምሳዬን ስበላ ዓይኑን ከሳህኔ አልነቀለም። ጣፈጠህ ወይ አለኝ። ምን አገባው?

እርግጥ ነው ይጣፍጣል። ከበፊቱ ይልቅ ለስለስ ብሏል፤ ጉሮሮ ላይ አይቆምም። ይሄ ራሱ ያጠራጥራል።

ሰኞ፤ 32 ቀን

ያዝኳት።

ጠዋት ጫማዬን አስሬ፣ በሩን ዘግቼ፣ ደረጃውን እየረገጥኩ ወረድኩና በባዶ እግሬ ተመለስኩ። በወጥ ቤቱ በር ስንጥቅ አየሁ። ባለቤቴ ምሳ ዕቃዬን ከፍታ ዘይት ስታፈስበት። አፍስሳ በማንኪያ እያገላበጠች፣ እንደገና አፈሰሰች። አጠገቧ አንድ ጎድጓዳ ሳህን አለ፤ የተፈጨ ለውዝ ነው። ለአጃዬ መሆኑ ነው።

ምን እያደረግሽ ነው አልኳት። ደንግጣ ጠርሙሱን ልትጥለው ነበር። “እያበላሁህ” አለች።

አሁን ሁሉም ገባኝ። ዘይት ሆድ ይዘጋል፤ ዘይት የገባበት ሆድ የበላውን አይዝም፤ እኔ የከሳሁት ለዚያ ነው። ስልክ ክፍል ቢያስገቡህስ ያለችው ለካ ዝም ብላ አልነበረም። ይህን ሁሉ ፊት ለፊቷ አልኩት። ከማን ጋር ነው የመከርሽው፣ ከመሰላል ጋር ነው ወይ ብዬም ጠየቅኳት። እንድወድቅ የምትፈልጊ አንቺ ነሽ አልኳት። ልጃችን በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

አላለቀሰችም። የዘይቱን ጠርሙስ ከድና ቦታው መለሰች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች። “እሺ። ከዛሬ ጀምሮ በምግብህ እጄ አይገባም” አለችና ስፌቷ ላይ ተቀመጠች።

አልበዛም ወይ? አልበዛም። በዓይኔ ነው ያየሁት።

ክብደት 69.6።

ሐሙስ፤ 29 ቀን

ወጥ ቤቱ የእኔ ሆነ። በጨውና በውሃ እቀቅላለሁ፣ ከድስት አውጥቼ እመዝናለሁ፣ እጽፋለሁ። 3190። ንጹሕ ምግብ። ማካሮኒው ሲቀዘቅዝ ይጣበቃል፤ ምሳ ሰዓት ላይ በቢላ ቆርጬ በላሁት። መሰላል አይቶ “ዛሬ ምን ሆነህ ነው?” አለ። ዛሬ ሲል ሰማሁት። ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ማክሰኞ፤ 24 ቀን

67.9።

ዘይቱ ከቆመ ስምንት ቀን ሆኖታል፣ መጨመር ነበረብኝ። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ዓይኔ ጨለመ። ቦርሳውን ወደ አሥራ አምስት ኪሎ ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ለጊዜው።

ባለቤቴን በስርቆሽ አያታለሁ። ወጥ ቤት የምትገባው እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ለራሷና ለልጅቷ ሠርታ ትወጣለች። ምግቤን እንኳን ልትነካ ዞር ብላም አታየውም። ምሳ ዕቃውን ጠዋትም ማታም መዘንኩት፤ አንድ ግራም ንቅንቅ የለም። አንዳንዴ ሳህኔን ሳነሳ ቀና ብላ ታየኝና አፏን ከፈት ታደርጋለች፤ ከዚያ መልሳ ወደ ጨርቋ ታቀረቅራለች። አንድ ነገር ደብቃኛለች።

እሑድ፤ 19 ቀን

66.6። ይሄ ነገር ከፋብሪካው ነው። ፓኬቱ ላይ ያለው ቁጥር ሐሰት ነው።

ባለሱቁ ጋ ሄጄ ማካሮኒውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለትና፣ ይሄ 360 ካሎሪ ከሆነ እኔ ለምን እከሳለሁ አልኩት። ሰው ተሰብስቦ ነበር። ባለሱቁ ጨዋ ሰው ነው፤ እኔ የምሸጠው ማካሮኒ ነው፣ የሚያወፍር መድኃኒት አይደለም አለኝ። ሳቁብኝ። ደሜ ፈልቶ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ግን ብርድ ብርድ አለኝ። ፀሐይ ነበር።

ልጃችን እጄን ይዛ “አባዬ፣ ቀለበትህ ይወልቃል” አለችኝ። ጣቴ ላይ አሽከረከረችው። ባለቤቴ ሰምታለች። የስፌት መኪናዋ አንድ ጊዜ ቆሞ መልሶ ቀጠለ።

ቅዳሜ፤ 13 ቀን

መጻፍ አልፈልግም። አጭር ልጻፍ።

ልምምድ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጋሼ ከትከሻዬ አመለጠ። መሰላል ከታች ነበር። ትከሻው ላይ ነው ያረፈበት። አጥንት አልተሰበረም። ምንም አልሆነም አሉኝ።

እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ ትከሻውን ይዞ፣ የሚያየው እኔን ነው። አልተናደደም። ቢናደድ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፤ 11 ቀን

አለቃችን ሲስተር ጋ ላኩኝ። ደብተርህን አምጣ ተብዬ አመጣሁ። ሲስተር ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው እያነበቡ፣ ጣታቸው ማካሮኒው ላይ ቆመ።

“ይሄ ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም፣ ሲመዘን በስሏል?”

በስሏል አልኩ፤ የምበላው በስሎ ነው።

ቀስ ብለው፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው፣ ፓኬቱ ላይ ያለው ቁጥር የደረቁ ነው አሉኝ። ማካሮኒውም ሩዙም ድስት ውስጥ ውሃ ይጠጣል፤ አንተ የቆጠርከው ውሃውን ነው ልጄ አሉ። ቀይ እስክርቢቶ አንስተው አንድ ቀን ሙሉ አሰሉት። 3190 ያልኩት 1450 ወጣ።

ሁለት ወር ተኩል ሙሉ ውሃ ስመዝን ከርሜያለሁ።

በዚህ አላበቁም። ገጾቹን ወደ ኋላ እየገለጡ፣ ግራ የገባኝ ሌላ ነው አሉ። በዚህ ምግብ ያንን ሁሉ እየሮጥክ በመጀመሪያው ወር ነበር መውደቅ የነበረብህ። እስከ ሰባተኛው ሳምንት ድረስ የከሳኸው አራት ኪሎ ተኩል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በሦስት ሳምንት ሌላ አራት ኪሎ ተኩል። “እስከዚያ ድረስ ሌላ የሚያበላህ ሰው ነበረ?” አሉ።

የለም አልኳቸው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

ክብደት 65.1። ይራዘምልኝ ብዬ ጠየቅኩ፤ አለቃችን ወረቀቱ ተፈርሟል አሉ።

ረቡዕ፤ 9 ቀን

በደረቁ መዝኜ ቀቀልኩ። ሳህኑ አልበቃ አለ፤ በድስቱ በላሁ። ዘይትም ጨመርኩበት፣ በገዛ እጄ። ግማሹን ሳልጨርስ ሆዴ እምቢ አለ።

ባለቤቴ አየችኝ። ዘይቱን አየች፣ ድስቱን አየች፣ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ይቅርታ ልላት ነበር፤ ልጅቷ የቤት ሥራ ይዛ መጣች።

ዓርብ፤ 7 ቀን

ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ደንበኛ መጣባት።

ሰኞ፤ 4 ቀን

66.2። ሲስተር ሰውነት በአሥር ቀን አይጠገንም ይላሉ። ከፈተናው በኋላ ብነግራት ይሻላል። አልፌ ብነግራት ይቅርታውም ይቀላል። ይሄን ስጽፈው ራሴ አፈርኩበት፤ ግን እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

ዓርብ

ቱቦውን አራተኛ ፎቅ አደረስኩ። በሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። ጋሼን ትከሻዬ ላይ አነሳሁ፣ ከአራተኛው ወደ ሦስተኛው ወረድኩ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከታች ደረጃው ላይ፣ ትከሻው ገና የታሰረ፣ መሰላል ቆሟል። ቦታ ቀይር ቢሉት እምቢ ብሏል አሉ።

ጋሼን ቀስ አድርጌ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቡ ተቀመጥኩ። “አልችልም” አልኩ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ጣቢያ ይህን ቃል ብዬ አላውቅም።

አለቃችን ሰዓታቸውን አቁመው ወደ እኔ ወጡ። ሽማግሌውን ይዘህ ያን ጊዜ ይህን ቃል ብትናገር ኖሮ ፈተና ባላስፈለገህ ነበር አሉኝ። ከሰኞ ጀምሮ ስልክ ክፍል። ከስድስት ወር በኋላ ከፈለግኩ እንደገና መፈተን እችላለሁ። መሰላል ቦርሳዬን ተሸክሞ እስከ በሩ ሸኘኝ። ዘይቱን ባለቤቴ ስትጨምር አንተ ታውቅ ነበር ወይ አልኩት። “ነግራኛለች። እሷ ትጨምርበታለች፤ እንድትጨርሰው ማየት ነበር የእኔ ሥራ” አለ።

ቅዳሜ

ልጅቷ አክስቷ ጋ ሄዳለች። ባለቤቴ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ወንበር ስቤ ፊቷ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። የደረቁንና የበሰለውን፣ የሲስተርን ቀይ ቁጥር፣ ያቆመኝ የእሷ ዘይት እንደነበር። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። አሥራ ሁለት ቀን የተሸከምኩት ነገር ከላዬ ወረደ መሰለኝ።

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። የሲስተርን ቀድሜ አውቄዋለሁ አለች። በመጀመሪያው ሳምንት ድስቷን አይታ ገብቷታል፤ ልትነግረኝ ስትል ስለጮህኩባት በስውር ማብላት ጀመረች። ቅቤ፣ ዘይት፣ ለውዝ፣ አጃዬ ውስጥ ደግሞ የዱቄት ወተት። ይህን ጠብቄ ነበር። ቀጥሎ ያለችውን አልጠበቅኩም።

“ሳቆም እንደምትወድቅ አውቅ ነበር” አለች። “መጀመሪያ ተናድጄ ነው። በኋላ ግን ንዴቱ ወጣልኝ። ሳህንህን ባየሁ ቁጥር፣ በጥሬው ነው የሚመዘነው ልልህ አፌ ላይ ይደርሳል፤ እመልሰዋለሁ። የሽማግሌውን ነገር መሰላል ያኔውኑ ነግሮኛል። ከዚያ ወዲህ የመኪናችሁን ጩኸት በሰማሁ ቁጥር ስፌቴ ይጣመምብኛል። ትናንት ስልክ ክፍል ገባ ሲሉኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።”

ሰባት ሳምንት ስጠረጥራት ንጹሕ ነበረች። እንድወድቅ የምትፈልጊ አንቺ ነሽ ብዬ ፊቷ ላይ ስናገር ውሸቴን ነበር፤ ከዚያን ቀን ማግስት ጀምሮ እውነት ሆነ። ልቆጣት ፈለግኩ፣ ቁጣው አልመጣ አለኝ። መሰላል ትከሻው ቢሰበርስ ኖሮ አልኳት። እሱን አላሰብኩም ነበር አለችና ያኔ አለቀሰች። እጇን ያዝኩ። ጣቶቿ በመርፌ ተበሳስተዋል፤ ስንት ዓመት አብሬያት ኖሬ ልብ ብዬ አላየኋቸውም።

ሲመሽ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። ሳልጠራት ነው የገባችው። ሩዝ፣ ምስር፣ እንቁላል አቀረበች፤ ሳህኑ ሞልቶ ይፈሳል። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ከስድስት ወር በኋላ ልፈተን ብል ምን ታደርጊያለሽ ብዬ ጠየቅኳት።

ማንኪያውን ወደ እኔ ገፋች።

“አበላሃለሁ” አለች። “ደስ ብሎኝ ግን አይደለም። ይሄን አውቀህ ብላ።”

አውቄ በላሁ።